«በርታ» የሚባለው ስድብ

ከአንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ

ባለፈው ሐሙስ ማታ የሥነ ጽሑፍ ክበባችን ባዘጋጀው የንባብ ምሽት ዐሥራ አንድ ተማሪዎች ድርሰታቸውን አነበቡ። ዐሥራ አንዱም ተጨበጨበላቸው። ለሰባተኛው የተጨበጨበው ለሦስተኛው ከተጨበጨበው አይረዝምም፤ አያጥርምም። የመድረኩ መሪ ወንዱን «ግሩም ነው፤ በርታ»፣ ሴቷን «ግሩም ነው፤ በርቺ» እያለ አሰናበተ። ከዚያም ሻያችንን ጠጥተን ተበተንን። ከዐሥራ አንዱ አንዱ እኔ ነበርኩ፤ እኔም እንደ ሌሎቹ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝ ግን ጭብጨባው ብቻ አይደለም፤ በሩ ላይ የደረሰብኝ ነገር ነው። አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ጠጋ ብላ «ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችኝ። ታሪኬ ጠላ ጠምቃ ልጇን ያስተማረች እናት በልጇ ምረቃ ቀን ማለዳ ስለ መሞቷ የሚተርክ ነው። «እናትየዋ እስክትሞት ድረስ አንድ ቃል አልተናገረችም። ምን ዐይነት ሰው እንደ ነበረች ሳላውቅ እንዴት አድርጌ ላልቅስላት?» አለችኝ።

ምን ብዬ መለስኩ? ልናገረውና ይውጣልኝ። በመጀመሪያ «አልገባሽም» አልኳት። ቀጥዬ የእናትየዋ ዝምታ የአገራችን እናቶች ሁሉ ዝምታ ምሳሌ መሆኑን አስረዳኋት። ይህ አላረካኝም፤ እንዲህ ያለ ነገር በሰፈራችን በእውነት መድረሱን ጨመርኩበት። በመጨረሻም ነገሩ እሷ ምን ዐይነት መጻሕፍት እንደምታነብ ወደ መጠየቅ ዘለቀ። ልጅቷ በትዕግሥት ሰማችኝና «እሺ፣ ይቅርታ» ብላ ሄደች። ሃያ ደቂቃ ያህል ተከራክሬ ረታሁ ማለት ነው። ድርሰቴ መረታቱን ያወቅሁት ከሌሊቱ በስምንት ሰዓት አልጋዬ ላይ ሆኜ እንደገና ሳነበው ነው። ዝምታው ምሳሌም ምንም አልነበረም። እናትየዋን ዝም ያሰኘኋት እንዴት እንደምትናገር ስላላወቅሁ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ያጨበጨበልኝ ባዶ ቦታ ላይ ነው። ያንን ባዶ ቦታ ያየችው አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች ብዬ አላምንም። ሌሎቹም አይተውታል፤ ግን «በርታ» ብለው አለፉ።

ለመሆኑ «በርታ» ማለት ምን ማለት ነው? ሸክም ተሸክሞ አቀበት ለሚወጣ፣ ለታመመ፣ ሐዘን ለደረሰበት ሰው የሚባል ደግ ቃል ነው። የገዛ ድርሰቱን ላነበበ ሰው ሲባል ግን ትርጉሙ ይለወጣል። «ያነበብከውን አልሰማሁም፤ ብሰማም አንተ እውነቱን ለመቀበል የምትችል ሰው አይደለህምና ደህና ሁን» ማለት ይሆናል። ይህ ስድብ ካልሆነ ስድብ ምንድን ነው? ሰው ለሕፃን ነው ሥዕሉን ሳያይ «ጎበዝ» የሚለው።

መምህሮቻችንንም በአክብሮት እወቅሳለሁ። የልብ ወለድ ድርሰት እንድንጽፍ ታዘን፣ ጽፈን፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ወረቀቱ ሲመለስልን በላዩ ላይ የምናገኘው አንድ ቁጥርና «ጥሩ ነው» የሚል ቃል ነው። ከዐሥር ሰባት! የጎደሉት ሦስቱ የት ናቸው? በመግቢያው ነው? በንግግሩ ነው? ሰማንያ ወረቀት የሚያርም ሰው ለእያንዳንዱ ገጽ ሙሉ ሐተታ ይጻፍ አልልም። አንድ ዐረፍተ ነገር ግን፣ «እዚህ ጋ ማንበቡ ሰለቸኝ» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር፣ ከቁጥሩ ይልቅ ያስተምረን ነበር።

በሌላ በኩል ደግሞ የመኝታ ቤቱ ፌዘኛ አለ። ይህ ሰው የማንንም ጽሑፍ ከሁለተኛው ገጽ አልፎ አያነብም፤ ሆኖም «ይህንንማ አያቴም ትጽፈዋለች» ለማለት አይዘገይም። ብዙዎቻችን እሱን ኃይለኛ ሐያሲ አድርገን እንፈራዋለን። በእኔ አስተያየት ግን ከአጨብጫቢው ጋር መንትያ ወንድማማች ናቸው፤ ሁለቱም አላነበቡም።

«በባህላችን ሰውን ፊት ለፊት መንቀፍ ነውር ነው» የሚል ሰበብም ሰምቻለሁ። ይህን የሚሉ ወንድሞቼ የትኛውን ባህል ነው የሚሉት? የቅኔ ቤት ተማሪ ቅኔውን ሲቆጥር ይውልና ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። ቤቱ ከጎደለ፣ አገባቡ ከተሳሳተ፣ ሰሙ ከወርቁ ካልገጠመ መምህሩ እዚያው፣ ባልንጀሮቹ ባሉበት ያርመዋል ወይም መልሶ ይሰደዋል። ልጁ ደግሞ ቤተሰቡን ትቶ፣ ቁራሽ ለምኖ እየበላ የሚማር ነው፤ ቢኮራ ከእኛ ይልቅ ምክንያት ነበረው። ነገር ግን ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ ድረስ የሚወጣው በእርማት መሰላል ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት አባቶቻችን ናቸው። የእኛ ትውልድ ጥምጥሙን አስቀድሞ አሁን «አትንኩብኝ» ይላል።

ከሁሉ የሚከብደኝ የሚቀጥለው ክርክር ነው፤ ቅን ከሆኑ ጓደኞቼ የሚመጣ ስለሆነ ላቃልለው አልፈልግም። እንዲህ ይላሉ፦ «እኛ የሳንሱር አገር ልጆች ነን። ጽሑፍን በሰው ቃል መለወጥ የለመደ እጅ ነገ ለባለሥልጣን ቃልም ይለውጣል። ደራሲ የጻፈውን ጽፌአለሁ ብሎ መቆም አለበት። በዓሉ ግርማ ቢያርም ኖሮ ‹ኦሮማይ› አይኖርም ነበር።»

የዚህን ክርክር ክብደት አውቃለሁ። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ ሕግ ቅድመ ምርመራን እስኪያስቀር ድረስ በዚህ አገር የመጽሐፍ ረቂቅ ከማተሚያ ቤት በፊት ወደ መርማሪ ጠረጴዛ ይሄድ ነበር። «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። በዚህ ታሪክ ላይ መቀለድ የሚችል ሰው ያለ አይመስለኝም።

ይሁን እንጂ ጓደኞቼ ሁለት የማይመሳሰሉ ሰዎችን በአንድ ካባ አልብሰዋል። መርማሪው የሚያነበው ማን እንደ ተነካ ለማወቅ ነው፤ እውነት የሆነውን ነገር ነው አውጣ የሚለው። ባልንጀራዬ የሚያነበው ታሪኩ የት ላይ እንደ ሞተ ለማየት ነው፤ ሐሰት የሆነውን ነገር ነው አውጣ የሚለኝ። መርማሪው እንቢ ስትለው ያስርሃል። ባልንጀራህን እንቢ ስትለው ምን ያደርግሃል? ሻይህን ይጠጣል። ደግሞስ በዓሉ ግርማን ለዚህ ክርክር መጥራት ተገቢ ነውን? የ«መነን» መጽሔትና የ«አዲስ ዘመን» ጋዜጣ አዘጋጅ የነበረ፣ ዕድሜውን የሌሎችን ረቂቅ ሲያርም ያሳለፈ ሰው ነው። ቀይ እርሳስ ምን እንደሚሠራ ከእኛ ሁሉ ይልቅ ያውቅ ነበር። ድፍረቱን ከእሱ መውረስ የሚፈልግ ጥንቃቄውንም አብሮ ይውረስ።

አሁን የሌላ አገር ተማሪ ታሪክ ልንገራችሁ። ናይጄሪያዊው ቺኑዋ አቼቤ በኢባዳን የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪ ሳለ የእንግሊዝኛ ክፍሉ የአጭር ልብ ወለድ ውድድር አወጣ። ለሽልማት የሚበቃ አልተገኘም ተባለ፤ የአቼቤ ታሪክ በስም ቢጠቀስም ቅርጽ የለውም የሚል ነቀፋ ነበረበት። ወጣቱ ወደ መምህርቱ ሄዶ ቅርጽ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እንድታስረዳው ጠየቃት። እሷም ወደ ቴኒስ ጨዋታ መሄጃዋ ነበርና ሌላ ጊዜ አስታውሰኝ አለችው። እየሄደ ያስታውሳት ነበር። የትምህርቱ ወቅት ሊያልቅ ሲል ታሪኩን እንደገና አይታው ኖሮ ለካ ምንም እንከን እንደሌለበት ነገረችው! አቼቤ ከዚያ ክፍል ስለ መጻፍ የተማረው ይኸው ብቻ መሆኑን ሲያጫውት ኖሯል። (መምህሮቻችን ቴኒስ አይጫወቱም፤ ይህን ለማስተባበል የሚነሣ ካለ በቅድሚያ ይቅርታ እጠይቃለሁ።)

ይህ ሰው በደረሰበት ነገር ምክንያት አስተያየት የሚባልን ነገር ሁሉ ቢጠላ ማን ይፈርድበታል? እሱ ግን አልጠላም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1957 ለሬዲዮ ሥልጠና ወደ ለንደን ሲሄድ የመጀመሪያ ረቂቁን ይዞ ሄደ። ረቂቁ የሦስት ትውልድ ታሪክ ነበረ፤ የኦኮንክዎ፣ የልጁና የልጅ ልጁ። ጓደኛው ገፋፍቶት ጊልበርት ፌልፕስ ለተባለ ደራሲ አሳየው። ፌልፕስ ወደደው፤ ለአሳታሚዬ ልስጠው አለ።

እዚህ ላይ እንቁም። የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት፣ በባዕድ ከተማ፣ የታወቀ ደራሲ ላሳትምልህ ይለዋል። ከእኛ መካከል «አይሆንም፤ ገና ነው» የሚል ማን ነው? እኔ አልልም ነበር፤ በዚያው ዕለት ለዘመዶቼ ሁሉ ስልክ እደውል ነበር። አቼቤ ግን ጥቂት ሥራ ይቀረዋል ብሎ ረቂቁን ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ። ሦስቱን ትውልድ አንድ መጽሐፍ ውስጥ ማጨቁ ታሪኩን እንዳሳሳው ስለ ተረዳ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ክፍል ቆርጦ አወጣ፤ ኦኮንክዎን ብቻ አስቀርቶ እንደገና ጻፈው። በ1958 የወጣው «ቲንግስ ፎል አፓርት» ይህ ነው። መጀመሪያ የታተመው በሁለት ሺህ ቅጂ ነበር፤ ዛሬ ከሃምሳ በሚበልጡ ቋንቋዎች ይነበባል። ከተቆረጠው የልጅ ልጁ ታሪክ ደግሞ በ1960 ሌላ መጽሐፍ ወጣ። እንግዲህ የቆረጠው አልጠፋም። ሊጠፋ የነበረው ሌላ ነገር ነው፤ በእጅ የተጻፈውን ብቸኛ ረቂቁን በታይፕ እንዲመቱለት ለንደን ላለ ድርጅት በፖስታ ልኮት ወራት ሙሉ መልስ አጥቶ ነበር። የሥራ አለቃው እዚያ ድረስ ሄዳ ካልጠየቀችለት በቀር መጽሐፉ በአንድ ጥግ አቧራ እንደ ለበሰ ይቀር ነበር። ጽሑፋችሁን በአንድ ስልክ ላይ ብቻ የምታስቀምጡ ልጆች ይህን ልብ በሉ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚያስደንቀኝ አቼቤ ነቀፋን መታገሡ አይደለም፤ ሙገሳን መታገሡ ነው። የእኛ በሽታ እዚህ ላይ ነው። ነቀፋ ሲመጣብን እንቆጣለን፤ ሙገሳ ሲመጣልን ግን ሥራ እናቆማለን።

ታዲያ የተባልነውን ሁሉ እንፈጽም? በጭራሽ። አሜሪካዊው ሬይመንድ ካርቨር በ1981 ባወጣው የአጫጭር ልብ ወለድ መጽሐፍ ላይ አርታኢው ጎርደን ሊሽ ከረቂቁ ከግማሽ የሚበልጠውን ቆርጦ ጥሎበታል፤ የአንዳንዱን ታሪክ መጨረሻም ለውጦበታል። ካርቨር ከመታተሙ በፊት፣ በሐምሌ 1980፣ ኅትመቱ ይቁምልኝ ብሎ ለአርታኢው የልመና ደብዳቤ ጽፎ ነበር። መጽሐፉ ግን ወጣ፤ ዝናውንም ያስገኘለት እሱ ነው። ያልተቆረጠው ረቂቅ የታተመው ደራሲው ከሞተ ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ2009 ነው። የትኛው ይበልጣል የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አላለቀም፤ እኔ ራሴ አንዳንዱን ታሪክ በሊሽ መቀስ እንደ ተከረከመ እመርጠዋለሁ። ቢሆንም አንድ ሰው በገዛ መጽሐፉ ላይ እንግዳ ሆኖ ሲለምን ማየት ያስፈራል። እርማቱን ደራሲው በገዛ እጁ ሳይጽፈው ሲቀር የሚመጣው ይህ ነው።

ወደ እናትየዋ ልመለስ። ያቺ ልጅ ጥያቄውን ከጠየቀችኝ በኋላ መፍትሔም ሰጥታኝ ነበር። «ከመሞቷ በፊት ለልጇ ደብዳቤ ብትጽፍለትስ?» ነበር ያለችው። በማግስቱ ሞከርኩት። ደብዳቤው እንባ በእንባ ሆነ፤ ፊደል ያልቆጠረች ጠላ ጠማቂ እንደ ጋዜጣ ርእሰ አንቀጽ መጻፍ ጀመረች። ቀደድኩት። ልጅቷ ቁስሉ የት እንዳለ በትክክል አመልክታለች፤ መድኃኒቱን ግን አላወቀችውም፤ ማወቅም ግዴታዋ አልነበረም። እግሩን ያመመው ሰው «እዚህ ጋ ነው» ሲል ይታመናል፤ «እንዲህ ያለ መርፌ ውጋኝ» ሲል ግን ሐኪሙ ራሱ ያስባል። ብዙዎቻችን ይህን ገልብጠን ይዘነዋል። አንባቢው ያቀረበው መድኃኒት መጥፎ ስለሆነ ሕመሙም የለም እንላለን።

እኔ ሦስት ሌሊት ካሰብኩ በኋላ ሞቱን ሰረዝኩት። እናትየዋ አሁን በሕይወት አለች፤ ለምረቃው ከገጠር መጥታለች፤ ልጇ የለበሰው ካባ የተከራየ መሆኑን ስትሰማ ኪራዩ ስንት እንደሆነ ትጠይቃለች። ዋጋውን ሲነግራት ስንት ጋን ጠላ እንደሚሆን በጣቷ ስትቆጥር ልጁ በጓደኞቹ ፊት ያፍርባታል። ይህ ከሞቷ ይልቅ ያመኛል፤ ምክንያቱም እኔም እንዲህ አፍሬ አውቃለሁ። ሞቱን የጻፍኩት ይህንን ላለመጻፍ ኖሯል። ጭብጨባው ቢበቃኝ ኖሮ ይህን ሳላውቅ በተመረቅሁ ነበር።

ከዚህ በኋላ አንድ ነገር ተለማመድኩ። ሰው ስለ ጽሑፌ ሲናገር አልመልስም፤ በደብተር እጽፋለሁ። ምላሴ እሳት ሲሆንብኝ ሻዬን እጠጣለሁ። ሁለት ያልተነጋገሩ ሰዎች አንድ ገጽ ላይ ከተሰናከሉ፣ አንዱ ረዘመ፣ ሌላው ቸኮለ ቢል እንኳ፣ ያ ገጽ ታሟል ማለት ነው። «ወደድከው?» ብዬ መጠየቅም ትቻለሁ፤ ይህ ጥያቄ ጨዋን ሰው ለማዋሸት ካልሆነ ለምንም አይረባም። «የት ላይ ስልክህን አየህ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ለዚህ ሰው ሁሉ እውነቱን ይመልሳል።

የፊልም ጽሑፍ የምትሞክሩትማ ዕድለኞች ናችሁ፤ ፍርዱ ፈጣን ነው። ባለፈው ወር አንድ ጓደኛዬ ስክሪፕቱን በመኝታ ክፍላችን ውስጥ ለስድስት ሰው አከፋፍሎ ድምፃችንን ከፍ አድርገን አነበብንለት። በወረቀት ላይ የሚያምረው ንግግር በአፍ ሲገባ ድንጋይ ሆነ፤ እረኛውም፣ ፖሊሱም፣ አፍቃሪዋም እንደ ዜና አንባቢ ይናገራሉ። ጓደኛዬ ጆሮው እየቀላ አዳመጠ፤ ግማሹን ንግግር አወጣው፤ ተሻለ። በኋላ ግን አንድ ፊልም ሠሪ «ገበያ የሚስብ ፍቅር ጨምርበት» ቢለው ስለ መሬት ክርክር በሚናገር ታሪክ መሐል ከውጭ አገር የመጣች ቆንጆ አስገባ። ስድስታችንም ባንድ ድምፅ ተቃወምን። እሺ ብሎ ያወጣታል ስንል ዛሬም እዚያው አለች፤ አሁንማ መኪና ገዝቶላታል።

እንግዲህ ለክበባችን ሥራ አስፈጻሚዎች የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። በአንድ ምሽት ዐሥራ አንድ ሰው ማንበቡ ይቅርና ሦስት ሰው ያንብብ። የሦስቱ ጽሑፍ ከሁለት ቀን በፊት በማባዣው ተባዝቶ ለአባላት ይታደል። ወረቀትና ቀለም ውድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ለሻዩና ለብስኩቱ የሚወጣውን ወደዚህ ማዞር ይቻላል። ደራሲው ሌሎች ሲናገሩ ዝም ብሎ ይቀመጥ። ያው ድርሰት ታርሞ ሁለተኛ እስኪነበብ ድረስም ማንም አያጨብጭብ። መምህሮቻችንም በተራ እየመጡ እንደ ዳኛ ሳይሆን እንደ አንባቢ ይናገሩ፤ ከፈቀዱም የራሳቸውን ረቂቅ አምጥተው እኛ እንንገራቸው።

የዚህች ጋዜጣ አዘጋጆች ይህን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ መልሰውልኛል። አንድ ሙሉ አንቀጽ አስወጥተውኛል፤ ስለ ክበቡ ሊቀ መንበር ኮት የሚናገር ነበረ፤ አሁንም ይናፍቀኛል። የታረመው ታሪኬ ከማክሰኞ ጀምሮ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ይገኛል፤ ዐሥራ አራት ገጽ ነው። ያቺ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ይህን ካነበበች መጀመሪያ እሷ ትውሰደው። ሐሙስ ማታ በዐሥራ ሁለት ሰዓት ከፊታችሁ እቀመጣለሁ፤ አልናገርም። እርሳስ ይዛችሁ ኑ።